«በከንቱ ተቀበላችሁ» ሲል «ከንቱ» ምን ማለት ነው?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የቃላት ወዳጆች። ማታ ማታ ለአያቴ መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፉ የ1954ቱ ትርጉም ነው፤ ሌላ አይፈልጉም። ትናንት ማቴዎስ 10 ላይ ደርሼ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ብዬ አነበብኩ። የቤት ሥራውን ሲሠራ የነበረው የእህቴ ልጅ ቀና አለና «ከንቱ የማይረባ ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። «ከንቱ ልፋት» እንላለን፣ «ከንቱ ውዳሴ» እንላለን። መክብብም «የከንቱ ከንቱ» ይላል። ታዲያ የእግዚአብሔር ስጦታ እንዴት «በከንቱ» ይባላል? «በነጻ» ቢሉት ምን ነበረበት?

ሌላም አለ። አያቴ «የሰማይ ቤት ስንቄን ልሰንቅ» ይላሉ ሁልጊዜ። መዳን ስጦታ ከሆነ ስንቁ ለምንድን ነው?

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ልጁን ሳሚልኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

«ከንቱ» ሁለት ፊት አለው። አንዱ ልጁ የሚያውቀው ነው፤ ፍሬ የሌለው፣ የማይረባ። ሁለተኛው ደግሞ ያልተከፈለበት፣ ምክንያት ያልተገኘለት ማለት ነው። «ደመ ከንቱ ሆነ» ስንል የሟቹ ደም ርካሽ ነው ማለታችን አይደለም። የሚጠይቅለት፣ የሚከፍልበት ጠፋ ማለታችን ነው።

የሚደንቀኝ ግን የግሪኩ ቃል ነው። «ዶሬአን» ይላል፤ ስጦታ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ማቴዎስ 10፥8 ላይ ያለ ክፍያ ማለት ነው። ዮሐንስ 15፥25 ላይ «በከንቱ ጠሉኝ» ሲል ያለ ምክንያት ማለት ነው። ገላትያ 2፥21 ላይ «ክርስቶስ በከንቱ ሞተ» ሲል ደግሞ ያለ ጥቅም ማለት ነው። ሦስቱም ቦታ ያው «ዶሬአን» ነው፤ የእኛም ተርጓሚዎች ሦስቱንም ቦታ «በከንቱ» አሉት። ስለዚህ ቃሉ የተመረጠው በስህተት አይደለም።

«በነጻ»ን በተመለከተ፣ «ነጻ» ከግእዙ «ነጽሐ» የመጣ ነው፤ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። እዚያው ቁጥር ላይ «ለምጻሞችን አንጹ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ሥሩ አንድ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምንለው «በነጻ» ኋላ የመጣ አገባብ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሮሜ 3፥24 ላይ ተርጓሚዎቹ ቃል ቀየሩ። ግሪኩ ያው «ዶሬአን» ሆኖ ሳለ «እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» አሉ። ራእይ 22፥17ም «የወደደም የሕይወትን ውኃ እንዲያው ይውሰድ» ይላል። እስቲ «እንዲያው»ን ጆሮ ስጪው። አንድ ሰው ደጅሽን አንኳኩቶ ሲገባ «ምነው፣ በደህና?» ትይዋለሽ። «እንዲያው ነው፤ ልይሽ ብዬ» ይልሻል። ጉዳይ የለውም። የምትሰጪው ነገር ኖሮሽ አይደለም የመጣው። ምክንያቱ ያለው እሱ ጋ እንጂ አንቺ ጋ አይደለም። ጸጋን በአማርኛ ከዚህ የተሻለ የሚፈታልኝ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ከእስራኤል፦
አንድ ነገር ልጨምር። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። እዚህ ሱቅ ላይ «ሒናም» የሚል ከተጻፈ በነጻ ማለት ነው። ያለ ምክንያት የሆነ ጥላቻም በዚያው ቃል ይጠራል። ሥሩ «ሔን» ነው፤ ሞገስ፣ ጸጋ። ላባ ያዕቆብን ወንድሜ ስለሆንህ በከንቱ ታገለግለኛለህን ሲለው የዕብራይስጡ ቃል «ሒናም» ነው።

ሀብት ፈቺ፦
ላባ ከተነሳ ደመወዝም ይነሳ። ሮሜ 6፥23 «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፤ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን…» ይላል። ብዙ ሰው «ደመወዝ»ን ደምና ወዝ ብሎ ይፈታዋል። ወዝህ ጠብ ብሎ ያገኘኸው፣ የሚገባህ። ጳውሎስ ለሞት ደመወዝ አለው፤ ለሕይወት ግን ደመወዝ አላለም። «ሀብት»ም ቢሆን በግእዝ ስጦታ ነው፣ «ወሀበ» ሰጠ ከሚለው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ የሚሉ ስሞች ስለ ገንዘብ አይደሉም።

አንድ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ስጋት አለኝ። «እንዲያው ነው» እያልን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ። ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ብሏል። አባቶቻችን «ዕድሜ ለንስሐ ይስጥህ» ብለው የሚመርቁን ለምንድን ነው? ቀኑ የተሰጠን ልንሠራበት ነው። የእህታችን አያት ስንቅ ማለታቸው ትክክል ነው።

እናት ዓለም፦
ልጆቼ፣ የማን ቤተ ክርስቲያን ምን ይላል የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። ስለ ስንቅ ግን የማውቀውን ልናገር።

ስምንተኛ ክፍልን ለመማር ከገጠር ወደ ከተማ ስሄድ ስንቄን የቋጠረችው እናቴ ናት። ሌሊት ተነስታ ገብስ ቆላች። ፈጨችና በሶውን በጨርቅ ቋጠረችው። ዳቦ ቆሎውን ለብቻ አደረገች። እኔ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ተሸክሜ ወጣሁ፤ በቃ፣ የእኔ ድርሻ መሸከሙ ነበር። መንገድ ላይ ሲርበኝ ፈትቼ በላሁ። አብሮኝ ለሚሄደውም ልጅ አካፈልኩት።

ስንቅ እንዲህ ነው። ከተማ መግቢያ ላይ ለዘበኛ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። የቤት ልጅ ስለሆንክ የሚቋጠርልህ ነው። ኤፌሶን 2፥8 «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ካለ በኋላ፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ እግዚአብሔር «አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ» ይላል። ሥራውንም ያዘጋጀው እሱ ነው። ልጄ፣ ስጋት አለኝ ያልከው እውነት ነው፤ የተቋጠረልህን ጥለህ ብትወጣ መንገድ ላይ ትራባለህ። ግን እኔ ነኝ የቋጠርኩት አትበል።

አንድ አባል፦
እማማ፣ ገባኝ። «ያዘጋጀውን» የሚለውን እስከዛሬ እያነበብኩ አልፌው ነበር።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የተባለውን ለአያቴ አነበብኩላቸው። ስለ በሶው ሲሰሙ እንባቸው መጣ። ስለ ግሪኩ ምንም አላሉም።

አንድ ነገር ግን ራት ላይ አየሁ። አያቴ ለልጁ ጉርሻ ጠቀለሉለት። «ጠግቤያለሁ» አለ። እጃቸውን ሳይመልሱ «እንዲያው በሞቴ!» አሉት። እኔ ቁራሼን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን አባባል ስንት ዓመት ሰማሁት! እንዲያውና ሞት ጎን ለጎን። ተቀባዩ ምንም አይጠየቅም፤ ብላ፣ ውሰድ ነው የሚባለው። በሞቱ የሚለምነው ሰጪው ነው። «በሞቴ» ከየት እንደመጣ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ልጁ አፉን ከፈተ። አያቴም «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ።