በሜዲኬይድ የምትታከም እናት ቱቦ ለማስቋጠር ለምን 30 ቀን ትጠብቃለች?

ጥያቄ፦
አሜሪካ ውስጥ የግል ኢንሹራንስ ያላት እናት በወለደች ማግስት ቱቦ ማስቋጠር (ዳግም እንዳታረግዝ በቀዶ ሕክምና መምከን) ትችላለች። በሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚከፍለው የጤና መድን፣ የምትታከመው ግን የፈቃድ ቅጹን ከፈረመች 30 ቀን ካልሞላት አይከፈልላትም። ይህ ድሃዋን መጠበቅ ነው ወይስ በገዛ አካሏ እንዳትወስን መከልከል? በተግባርስ የሚያሰናክለው የቱ ነው?

መልስ 1፦
ደንቡን የወለደው ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ የ12 እና የ14 ዓመት ጥቁር እህትማማቾች እንዲመክኑ ተደረገ። ማንበብ የማትችለው እናታቸው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደረገችው የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወጉ መስሏት ነበር። በ1974 የፌዴራል ዳኛው ገርሃርድ ጌሴል በፌዴራል ገንዘብ በዓመት ከ100,000 እስከ 150,000 የሚገመቱ ድሆች ይመክኑ እንደነበር፣ ከእነሱም «እርዳታችሁ ይቋረጣል» ተብለው የተገደዱ እንዳሉ በፍርዱ አሰፈረ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጡ እናቶች ምጥ ላይ ሳሉ የማያነቡትን የእንግሊዝኛ ቅጽ ይፈርሙ ነበር። ዛሬ በምጥ ላይ የተገኘ ፊርማ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

መልስ 2፦
ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቀኑ ላይ ነው። ስትፈርም 21 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ፊርማው ከ30 ቀን በኋላ ይሠራል፣ በ180 ቀን ይሞታል። በእርግዝናዋ 12ኛ ሳምንት የፈረመች 38ኛው ሳይሞላ ጊዜው ያልፍባታል፤ ከ20ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ያለጊዜዋ ከወለደች ከፈረመች 72 ሰዓት መሙላቱ ይበቃል፣ ፊርማው ግን ይጠበቅ ከነበረው የመውለጃ ቀን ቢያንስ 30 ቀን የቀደመ መሆን አለበት።
ሌላው ችግር ቅጹ ክሊኒክ ቀርቶ እሷ በሌሊት ሆስፒታል መግባቷ ነው። ቅጂውን ከመውለጃ ልብሷ ጋር ትያዝ። የፌዴራሉ ቅጽ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ አማርኛ ብቻ ለምታውቅ አስተርጓሚ ማቅረብ የሕክምና ተቋሙ ግዴታ ነው፣ አስተርጓሚውም ይፈርማል። ባልን ወይም ልጅን ለዚህ ማቆም ስህተት ነው፤ በእነሱ ፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳታል።

መልስ 3፦
በእኔ እምነት 30 ቀን መጠበቅ በራሱ ማስተዋልን አይጨምርም። ማስተዋልን የሚያመጣው በቋንቋዋ ማስረዳት ነው፤ ቀኑ ይጠር፣ አስተርጓሚው ይጠንክር። በ1994 ቺካጎ የተሰበሰቡት ጥቁር ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ ያሉት አለመውለድን፣ መውለድንና የወለዱትን በሰላም ማሳደግን አንድ ላይ ነው። ሜዲኬይድን ተመልከቱ፦ ለማስመከን ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናል፣ ለውርጃ ግን በ1976 መጀመሪያ በጸደቀው ገደብ መሠረት ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም።

ጠያቂ፦
30 ቀኑ ሳይሞላ ከወለደችስ?

መልስ 2፦
ፊርማው እስከ 180 ቀን ይቆያል፤ ተመልሳ መምጣት ትችላለች። በአብዛኞቹ ግዛቶች የወላድ ሜዲኬይድ አሁን 12 ወር ይዘልቃል። እስከዚያ ሉፕ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ከመረጠች፣ ባሻት ቀን እንደሚወጣላት አስቀድሞ ይነገራት።