ልጄ የባሕር ሳይንስ ልማር አለችኝ ላልሽው እህት (ሲያትል)

እህቴ፣ «ነርሲንግ ይሻላታል፣ ባሕር ተምራ ማን ይቀጥራታል?» ያልሽው የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ነው። እኔ እዚሁ ሲያትል ኦሽኖግራፊ ተምሬ በሙያው ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርሽ።

ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ አለበት። መርከብ ላይ ደግሞ ሲቲዲ የሚባል መሣሪያ በገመድ ወደ ታች ይለቀቃል፤ ጨዋማነቱን፣ ሙቀቱንና ጥልቀቱን እየለካ ይወርዳል፣ ዙሪያውን የታሰሩት ትልልቅ ጠርሙሶች ከየጥልቀቱ ውሃ ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ ሌሊትም ቢሆን፣ መርከቧ እየተናወጠች፣ ጣትሽ በብርድ ደንዝዞ፣ ቁጥር ሳታሳስቺ ውሃውን መቅዳት ነው። ይሄን የወደደች ልጅ ትዘልቅበታለች።

ሥራውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጥቀስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ እዚህ በምዕራቡ ጠረፍ በማራቢያ ጣቢያዎች ያሉ የኦይስተር (ለምግብ የሚረባ ቅርፊታም የባሕር እንስሳ) እጮች በጅምላ ማለቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። ሲጣራ ግን ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ አሲዳማነቱ ስለጨመረ እጮቹ ቅርፊታቸውን መሥራት አቅቷቸው ነው። ያንን ውሃ መለካትና ማስተካከል የሚችል ሰው ነው ያተረፋቸው። ኖዋ የሚባለው የፌዴራል መንግሥቱ የባሕርና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማ ቢሮ አለው፣ ስቴቱ አለ፣ ነባር ሕዝቦችም የራሳቸው የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች አሏቸው። ደግሞ ጣናን እምቦጭ ሲወርሰው ያየ ሰው ይሄ እውቀት ለእኛ አይጠቅምም አይልም።

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሺንግተን ኦሽኖግራፊም ማሪን ባዮሎጂም በባችለር ደረጃ ይሰጣል፤ ሳን ሁዋን ደሴት ላይም ተማሪ እዚያው እያደረ የሚማርበት ፍራይዴይ ሀርበር የሚባል ላቦራቶሪ አለው። ወጪው ካስፈራሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምራ ትዛወር፣ ግን ሒሳቡንና ኬሚስትሪውን እዚያው ትጨርስ፤ አለዚያ ከተዛወረች በኋላ ጊዜ ይበላባታል። ሃይላይን ኮሌጅ ሬዶንዶ ዳርቻ ላይ ትንሽ አኳሪየም አለው፣ የሚከፈትበትን ሰዓት አጣሪና ይዘሻት ሂጂ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ወረቀት። የኖዋ ሆሊንግስ ስኮላርሺፕ በዓመት እስከ 9,500 ዶላር ይሰጣል፣ በበጋም ደመወዝ ያለው ኢንተርንሺፕ አለው፣ ማመልከቻው የሚገባው ግን በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ዜግነትም ይጠይቃል። አርኢዩ የሚባሉት ደመወዝ የሚከፍሉ የበጋ የምርምር ፕሮግራሞች ግሪን ካርድም ይበቃቸዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ለዜግነት ደርሰሽ ከሆነ ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ አታቆዪው። ልጅሽ 18 ሳይሞላት አንቺ ዜጋ ከሆንሽ፣ ግሪን ካርድ ኖሯት በአንቺ አሳዳጊነት አብራሽ የምትኖር እስከሆነ ድረስ እሷም በዚያው ዜጋ ትሆናለች። ካለፋት ግን ራሷ ማመልከትና ወረፋ መጠበቅ አለባት። ይሄን ሳያውቁ ዓመት ያለፋቸው ልጆች አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ዋና ካልቻለች ከአሁኑ አስጀምሪያት። ስንተኛ ክፍል እንደሆነችና ሒሳብ የት እንደደረሰች ጻፊልኝ፣ የትኛውን ኮርስ ቀድማ ብትወስድ እንደሚሻል እናያለን።