«ሲስት ነው» ለተባላችሁ፦ ኮምቦልቻ ወይስ ደሴ?

እህትሽ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት የት ላሳያት ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አክስቴን ይዤ የዞርኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የገባነው ኮምቦልቻ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ነው፤ ስሙ ይቅር። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወረፋ የለም። አልትራሳውንዱም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር፦ «ሲስት፣ አያሰጋም»። ውሃ የቋጠረ እብጠት ነው ማለት ነው። መጠኑ እንኳ አልተጻፈም። ደስ ብሎን ቡና አፈላን። በሦስተኛው ወር እጢው አድጎ አገኘነው።

ከዚያ ሐረጎን ወጥተን ደሴ፣ ራዲዮሎጂስት (የአልትራሳውንድና የራጅ ስፔሻሊስት) ራሱ የሚያይበት ቦታ። ዋጋው ጨመር ይላል፣ ወረፋው ያንገሸግሻል። ግን ሐኪሙ ስክሪኑን አዙሮ አሳየን። ንጹህ ሲስት ውስጡ ጥቁር፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ከጀርባው ይደምቃል። የአክስቴም ክብ ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከጀርባው ደማቅ። እኔማ ያው ነው ብዬ ነበር። ማሽኑን ነካ ነካ ሲያደርገው ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፤ ንጹህ ውሃ ብቻ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። የደም ፍሰት የሚያሳየውን ዶፕለር ሲያበራ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብልጭ አለ። ደም ይገባዋል ማለት ነው፤ የተቋጠረ ውሃ ደግሞ ውስጡ የደም ስር የለውም። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው የጡት ካንሰር አንዳንዴ እንዲህ ሲስት መስሎ ይሸውዳል አለን። ዶፕለሩ ባዶ ቢሆንም ብቻውን ነጻ አያወጣም።

በመርፌ ሲስቡት ጠብ አላለም። ውሃ ቢሆን ወጥቶ ይሟሽሽ ነበር። በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ክፍል) ገባ፤ ካንሰር ሆነ። ሕክምናዋን ጀምራለች፣ ተመስገን።

እና የኔ ጥቆማ፦ ለመጀመሪያ እይታ ኮምቦልቻም ይበቃል፣ የሚያየው ሰው ካወቀ። ማሽኑ አዲስ ነው ሲሏችሁ አትደለሉ። ወረቀቱ ላይ መጠኑና ባይራድስ የሚባለው፣ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚናገረው ቁጥር ይኑር። 3 ከሆነ ብዙ ጊዜ በ6 ወር ድጋሚ ይታያል፤ 4 ወይም 5 ካለ ናሙና ነው፣ ቀጠሮ አታስረዝሙ። የጤና መድን ያላችሁ ሪፈር ሳታጽፉ ወደ ሆስፒታል እንዳትወጡ፣ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

መልስ፦ አቦ አታስፈራራን! የእናቴ እውነተኛ ሲስት ነበር። እዚሁ ኮምቦልቻ በመርፌ ተቀድቶ አለቀ።

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ አብዛኛው እንደ እናትሽ ነው። ብቻ የአልትራሳውንዱን ፎቶ አትጣሉ። እኛ ጥለነው ደሴ ላይ ሐኪሙ የሚያወዳድርበት አጣ።