ተማሪዎቼ ችግር መቁጠር ያውቃሉ፤ መጠየቅ ግን አላስተማርናቸውም

አዌቱ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ሕብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ። ዘንድሮ የአድቮኬሲና ፖሊሲ ኮርስ ደርሶኛል፤ አድቮኬሲ ማለት ለሕዝብ ችግር መፍትሔ እንዲሰጡ ኃላፊዎችን መወትወት ነው። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አምና ሰባት ተማሪዎች ይዤ ወደ ሰርቦ አካባቢ ወጣሁ። አንድ ወር ሙሉ በዝናብ ጭቃ እየረገጡ ቤት ለቤት ዞሩ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሴቶቹ መጸዳጃ በር የለውም። እጅ መታጠቢያ ውሃም የለም። ከፍ ያሉት ሴት ልጆች የወር አበባቸው ሲመጣ ቤት ይቀራሉ። ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ በግራፍ አሳምረው ለኃላፊዎች አቀረቡ። አንድ ትልቅ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጧቸውና፣ "ልጆቼ፣ ጎበዞች ናችሁ። አሁን እኔ ምን ላድርግላችሁ?" አሉ።

ሰባቱም ተያዩ። አንዷ ብቻ ቀስ ብላ "ግንዛቤ ቢፈጠር..." አለች። በዚያው ተበተንን።

ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ናሙና አወሳሰድ ስናስተምራቸው ከረምን፤ ሰው ፊት ቆሞ "ይህን አድርጉልን" ማለትን ግን አንድ ቀን አላስተማርናቸውም። የወረስኩት ስላይድ የአድቮኬሲን ትርጉም ይዘረዝራል። ትርጉሙን ሸምድደው ኤ ያመጣሉ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ጡረተኛው ጤና መኮንን፦
ልጄ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጀምሪ። ወረዳ ላይ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ዕቅዱ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው የሚሠራው። ተማሪዎች ሰኔ ላይ መጥተው በር ሲጠይቁኝ አንጀቴ ይበላ ነበር። ብሩ ተደልድሎ አልቋል፣ ከየት ላምጣ? ጥር ላይ ቢመጡ ግን አንድ መስመር ማስገባት ይቻል ነበር።

ደግሞ የትምህርት ቤት በር የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ አይደለም። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው የሚኬደው። የውሃው ደግሞ ውሃ ጽሕፈት ቤት። ተማሪዎቹ ሁሉንም ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ በር የምንገዛበት በጀት የለንም። ከመውጣታቸው በፊት "ይህን የሚወስነው ማነው?" የሚለውን በስም ሳይሆን በወንበር ይጻፉ። ሰው ይቀየራል፣ ወንበሩ ይኖራል።

ሪፖርቱንም በእንግሊዝኛ አርባ ገጽ አታድርጉት። ወረዳው የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። አንድ ገጽ በኦሮምኛ ይበቃል። ጥያቄው ከላይ ይሁን፣ ማስረጃው ከታች።

የአጋሮ ልጅ፦
መምህርት፣ እኔ ይህን ኮርስ የተማርኩት 2009 ላይ ነው። ያኔ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ይሠራ ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። መምህራችን "አድቮኬሲ" ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። አዋጁ በ1113/2011 ተተክቷል። ፍርሃቱ ግን ክፍል ውስጥ የቀረ ይመስለኛል። ይህንን ለልጆቹ በግልጽ ንገሪያቸው።

ሌላው፣ ተሳክቶ ያለቀ ነገር አሳያቸው። እኔ ብሆን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011ን እወስዳለሁ። ዝግ በሆነ የሕዝብ ቦታ ማጨስ የተከለከለው፣ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በእሱ ነው። ለትንባሆ ቁጥጥር ሲወተውቱ ከነበሩት አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። የመሠረቱት ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ተማሪዎቹ አዋጁን ይዘው ከተማ ውስጥ አንድ ካፌ ይግቡ። የሚከበረውንና የማይከበረውን ዓይተው ይመለሱ። ሕግ ወጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት እንዳልሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

ኤክስቴንሽኗ፦
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ቀበሌ ላይ ነው የምሠራው። ቅር አይበላችሁና ተማሪዎች ይመጣሉ፣ እናቶችን ስልሳ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አናያቸውም። እናቶቹ "ያ ወረቀት የት ደረሰ?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው።

መጀመሪያ ውጤቱን ለእነሱ መልሱላቸው። አንድ ቤት ቡና ሲፈላ ቁጭ ብሎ መንገር ነው። ስለ በሩ የልጅቷ እናት በወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ብትናገር ከተማሪ ግራፍ ይበልጣል። ለትምህርት ቤቱ የሚመጣ የስኩል ግራንት (የትምህርት ቤት ድጎማ) ብር ካለ በምን ላይ እንደሚውል የሚመክሩት እዚያ ነው። ምናልባት ወረዳ ድረስም አያስኬድ።

አዌቱ ማዶ፦
ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ኅብረቱ አላሰብኩም ነበር። አንድ ወር ሙሉ በዚያ ትምህርት ቤት በር ስናልፍ ከርመን!

የትርጉም ፈተናውን አንስቼዋለሁ። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይጠይቃል። እኔ ኃላፊ ሆኜ "ምን ላድርግላችሁ?" እላለሁ። ኦሮምኛ የማይችለው ከሚችለው ጋር ይጣመራል። የበሩን ዋጋ አናጢ ጠይቀው ሳይመጡ አልሰማቸውም። ጥር ላይ እንወጣለን።

እህቴ፣ እናቶቹን ለማግኘት የትኛው ቀን ይሻላል?

ኤክስቴንሽኗ፦
የገበያ ቀን ብቻ አይሁን። ሌላውን ቀን ከሰዓት ኑ፣ እኔ አሰባስባቸዋለሁ።