ጥሩር የለበሰ ተዋጊ አባይን ይዋኛል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ዳይስ እየጣለ ታሪክ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው። ዲኤሙ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው፣ እኔ ነኝ። የያዝነው የ2014ቱን (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም ነው። ባለፈው ታሪኩን ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ አወረድኩት። ተዋጊያችን ሙሉ የብረት ጥሩሩን (የጦር ልብሱን) እንደለበሰ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፣ ከዚያ ገደሉን ወጣ። ጥሩሩ በመጽሐፉ 65 ፓውንድ ነው፣ 30 ኪሎ ገደማ! ሕጉ የሚቀጣው ግን ሲደበቅ ብቻ ነው፤ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። የጉልበት ነጥቡ 15 ካልሞላ ደግሞ ፍጥነቱ በ10 ጫማ ይቀንሳል። ለዋና ምንም የለም። ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ «ታዲያ እኔ ቆዳ ብቻ የለበስኩት ለምንድን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የራሳችንን ሕግ ላውጣ?

መልስ (ባሕር ዳር)፦
አውጣ እንጂ! እኛ የጨዋታውን የድሮ እትም፣ የ3.5ን ቅጣት መልሰናል። እዚያ ሙሉ የብረት ጥሩር ለመውጣት፣ ለመዝለልና ለመደበቅ ከሚጣለው ዳይስ ውጤት 6 ይቀንሳል፣ በዋና ላይ እጥፍ ሆኖ 12። አምስተኛው እትም ላይ ግን ዳይሱ ላይ የሚደመሩት የችሎታ ቁጥሮች ትንንሽ ስለሆኑ 12 ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ሁሉንም በግማሽ ቆረጥነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ብረትማ!

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦
እኔ በዚህ አልስማማም። በዋናው ልክ ነህ፣ በመውጣቱና በመዝለሉ ግን ተዋጊውን ያለ ጥፋቱ እየቀጣኸው ነው። የእውነቱ ሙሉ ጥሩር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ክብደቱ በመላ አካል ስለሚከፋፈል ለባሹ ይሮጥ፣ ፈረስ ላይም ይወጣ ነበር። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ከብረት ቀለበት የተሠራው የሰንሰለት ጥሩር ነው። ጭነት ተሸክሞ ከገበያ ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ በደንብ የታሰረ ሸክምና የሚወዛወዝ ሸክም አንድ አይደሉም። ስለዚህ እኛ ጋ ጉልበቱ 15 የሞላ ሰው ሲወጣ ምንም አይቀነስበትም። ዳገቱ ከረዘመ ግን በየ10 ደቂቃው መጽናቱን የሚፈትን ዳይስ ይጥላል፣ ፈተናውን ከወደቀ አንድ የድካም ደረጃ ይይዛል። ለዋና ሁለት ጥሎ ትንሹን።

ደግሞ አንድ ነገር ረስታችኋል። በመጽሐፉ ከባድ ጥሩር ለማውለቅ 5 ደቂቃ፣ ለመልበስ 10 ደቂቃ ይፈጃል። እሱን አጥብቀህ ያዝ! ወንዙ ዳር ሲደርሱ አውልቆ በታንኳ ያሻግረው ወይስ እንደለበሰ ይግባ? ጠላት ከኋላ እየመጣ ከሆነ ያቺ 5 ደቂቃ ከየትኛውም ቅጣት ትበልጣለች።

ጠያቂ፦
የማውለቂያውን ጊዜ ጭራሽ አላሰብኩትም፣ ተባረክ ወንድሜ። የፍኖተ ሰላሙን እይዛለሁ። ግን ልጁ ጉልበቱን 16 ያደረገው ለጥሩሩ ብሎ ነው፣ መሃል ላይ ሕግ ብቀይርበት አይከፋውም?

መልስ (ባሕር ዳር)፦
ከቅዳሜ በፊት ደውልለት። ጥሩሩን በቀላል ልቀይር ካለ ያለ ክፍያ ይቀይር። እኛ ጨዋታው ላይ ድንገት አምጥተነው አንዱ ልጅ ሁለት ሳምንት ቀርቶብናል።