«አብሰርድ»ን «ከንቱ» ብንለው ምን ይጎድላል?

ፊደል ለቃሚ፦ አራት ኪሎ ለሚካሄድ የንባብ ውይይት ስለ ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልበር ካሙ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምን ነው። «አብሰርድ»ን አንዱ «ከንቱ»፣ ሌላው «ትርጉም የለሽ»፣ ሌላው «ወለፈንድ» ይለዋል። የትኛውን እንያዝ?

ክራር ቃኚ፦ «ከንቱ»ን ተወው። የመክብብ «ከንቱ» በዕብራይስጡ «ሄቤል» ነው፤ እስትንፋስ፣ ተን ማለት ነው፤ ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑን ይናገራል። («በከንቱ ተቀበላችሁ» ሲባል ደግሞ ያለ ዋጋ ነው፤ ቃሉ ብዙ ተሸክሟል።) ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው የሲሲፈስ ድርሳን የሚለው ሌላ ነው። ሰው ትርጉም ይጠይቃል፣ ዓለም ዝም ይላል፤ አብሰርዱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። አንዱን ካነሳኸው እሱም የለም።

የቃሉን ምንጭ እይ፤ የላቲኑ «አብሱርዱስ» ከቅኝት የወጣ ማለት ነው። የክራር አንዲት አውታር ብቻዋን ብትመታ ቅኝቷ ተበላሽቷል አትልም። ጉዱ የሚሰማው ከሌሎቹ ጋር ስትመታት ነው። ይህን አለመግጠም የሚሸከመው «ወለፈንድ» ነው። ችግሩ ለ«ፓራዶክስ»ም (እርስ በርሱ የሚጣረስ ለሚመስል አባባል) ስለሚውል መጀመሪያ ሲጠቀስ «ወለፈንድ (አብሰርድ)» ብለህ ጻፍ።

ፊደል ለቃሚ፦ እሺ። ከዚያው ከካሙ ድርሳን ያለውን የትራሙን አንቀጽስ? «መነሣት፣ ትራም፣ አራት ሰዓት ሥራ፣ ምግብ፣ ትራም፣ አራት ሰዓት ሥራ…»

ክራር ቃኚ፦ እንዲህ ካልከው አንባቢው ረፋድ ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ያያል! «ለአራት ሰዓት ያህል ሥራ» በል። ትራሙን ደግሞ የስታዲየም ባቡር አታድርገው፤ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ሐረጎቹን በ«ከዚያም» አታያይዛቸው፤ መሰልቸቱ ያለው በመቆራረጡ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦ የፈላስፋውን የሳርትርን አባባልም ካስገባችሁ «ህላዌ ከባሕርይ ይቀድማል» እንዳትሉ። በግዕዝ መጻሕፍት «ህላዌ» ራሱ ባሕርይ ማለት ሆኖ ይመጣል፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው «ባሕርይ ከባሕርይ ይቀድማል» ብሎ ያነበዋል። «መኖር ከምንነት ይቀድማል» ይበቃል። «ማንነት»ም አይሆንም፤ ዛሬ ወዴት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ላይ ሲናገር ምሳሌው የወረቀት መቁረጫ ቢላ ነበር፤ ሠሪው ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ያውቃል፣ ስለዚህ የቢላው ምንነት ቀድሟል። ሰው ግን መጀመሪያ ይገኛል፣ ምንነቱን በሥራው ያበጃል።

ፊደል ለቃሚ፦ ታዲያ ለርዕሱ የእነሳርትርን ፍልስፍና፣ «ኤግዚስተንሻሊዝም»ን፣ «ህልውናዊነት» ልበለው?

ሰዋስው ወዳድ፦ ጋዜጣው «የህልውና ጉዳይ» ሲል የመትረፍ ጉዳይ ማለቱ ነው፤ ያ ነው የሚመጣው። «ኤግዚስተንሻሊዝም»ን በፊደላችን ተወው። ካሙን ግን ከዚያ ርዕስ ሥር አታስገባው፤ እሱ ራሱ አይደለሁም ብሏል።