«ፒያኖው አጃቢ ነው» ማለት ተገቢ ነውን?

ቤተልሔም፦
ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ ስለ ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ፍራንዝ ሹበርት ዘፈኖች ሲናገር «ዋናው ዘፋኙ ነው፤ ፒያኖው አጃቢ ነው» ብሎ ነገሩን በዚያው ሲዘጋው ሰምቼ አዘንኩ። ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1814 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በጀርመናዊው ባለቅኔ በጎተ ግጥም ላይ የሠራውን፣ ግሬትሸን ስለምትባል ልጅ የሚናገረውን ዘፈን እናስታውስ። ልጅቷ በመንኰራኩር እየፈተለች ስለምትወደው ሰው ታስባለች፤ የፒያኒስቱ ቀኝ እጅ መንኰራኩሩን ያዞራል፣ ግራው መርገጫውን ይመታል። መሳሙን ባስታወሰች ጊዜ ፒያኖው ቀጥ ይላል። ከዚያም መንኰራኩሩ አንዴ ይሞክርና ይቆማል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ በስንት ትግል መዞር ይጀምራል። እጇ እንደ ከዳት የሚነግረን ከአፏ የወጣ ቃል ሳይሆን ይህ ነው። ይህን «አጃቢ» የሚል ሰው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምቶታል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ዮናታን፦
ቁጣሽ ይገባኛል፤ ቃሉን ግን የሬዲዮው እንግዳ አልፈጠረውም። ሹበርት በ1825 ከባሪቶኑ ዘፋኝ ከዮሐን ሚካኤል ፎግል ጋር በላይኛው ኦስትሪያ ሲዘዋወር ለወንድሙ ለፈርዲናንድ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፎግል እንደሚዘፍን እርሱ ደግሞ እንደሚያጅብ ገልጿል። የሥራው ባለቤት ያላፈረበትን ቃል እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤተልሔም፦
ደብዳቤውን ከወገቡ ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሹበርት በዚያች ሰዓት ሁለቱ አንድ ሆነው እንደሚታዩ፣ ይህም ለአድማጮቹ አዲስና ያልተሰማ ነገር እንደሆነ ጽፏል። አዲስ የሆነባቸው መታጀቡ ሳይሆን አንድ መሆኑ ነው።

መኮንን፦
ልጆቼ፣ ማጀብ በአማርኛ ውርደት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሚዜ ሙሽራውን ያጅባል፤ ክብር ነው እንጂ ማንም አያፍርበትም። ቃሉን ትታችሁ ሙዚቃውን ብትነጋገሩበት እመርጣለሁ።

ቤተልሔም፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሚዜ ሙሽራው በሌለበት ወዴትም አይሄድም። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በሮበርት ሹማን የዘፈን ስብስብ፣ በ«የገጣሚ ፍቅር» መጨረሻ፣ በ16ኛው ዘፈን፣ ዘፋኙ ፍቅሩንና ሕመሙን በግዙፍ የሬሳ ሣጥን ከትቶ ባሕር ውስጥ ካሰጠመ በኋላ ቃል የለውም። ፒያኖው ግን ብቻውን ይቀጥልና በ12ኛው ዘፈን፣ አበቦቹ በእኅታቸው፣ ማለትም በሚወዳት ሴት፣ እንዳይቈጣ ገጣሚውን ከለመኑት በኋላ፣ ያሰማውን ዜማ መልሶ ያመጣል። ዘፋኙ ምሬቱን ቀብሮ ሲጨርስ ይቅርታውን የሚያሰማው ፒያኖው ነው። ሙሽራው ከሄደ በኋላ ሠርጉን የሚፈጽም ሚዜ አላውቅም።

ዮናታን፦
ሹማን ለብቻው የሚታይ ነው። በኅትመት ተራ እስከ ቁጥር 23 ያሉት ሥራዎቹ በሙሉ ለፒያኖ ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ በ1839 እንኳ የድምፅን ሙዚቃ ከመሣሪያ ሙዚቃ በታች ያደርገው እንደነበር በደብዳቤ ተናግሯል፤ ፒያኒስቷን ክላራን ባገባበት በ1840 ግን ከመቶ በላይ ዘፈኖች ጻፈ። የፒያኖ ሰው ወደ ዘፈን ሲመጣ ፒያኖውን ይዞ መግባቱ የራሱ ጠባይ እንጂ የሊድ፣ ማለትም በግጥም ላይ ለድምፅና ለፒያኖ የሚሠራው የጀርመንኛ ዘፈን፣ ሕግ አይደለም። ፒያኒስቱና የሙዚቃ ደራሲው ሊስት የሹበርትን ዘፈኖች ለፒያኖ ብቻ ሲያዘጋጅ ስንኞቹ ከኖታው ጋር እንዲታተሙ የፈለገው ስለ ምን ይመስልሻል? ቃሉ ከሌለ ፒያኖው ስለ ማን እንደሚናገር አይታወቅማ።

ሳራ፦
እኔ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ። የሹበርትን የዘፈን ስብስብ «የክረምት ጉዞ»ን ከአንድ ዘፋኝ ጋር ባቀረብኩበት ምሽት 24ቱንም ዘፈኖች፣ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ተጫወትኩ። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ባዶ እግሩን በበረዶ ላይ ቆሞ የእጅ ኦርጋኑን የሚያዞረው ሽማግሌ አለ፤ ግራ እጄ ያንኑ ሁለት ድምፅ እስከ ፍጻሜው ይደጋግማል፤ ሽማግሌውን አዳራሹ ውስጥ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ። የአዳራሹ ማስታወቂያ ላይ ግን የዘፋኙ ስም ብቻ ነበር። ስጠይቅ «አጃቢ አንጽፍም» ተባልኩ። ጋሽ መኮንን፣ ቃሉን እንተወው ያሉት ለዚህ ይከብደኛል።

ዮናታን፦
ሳራ፣ በደል ተፈጽሞብሻል፤ ስምሽ መጻፍ ነበረበት። ጥፋቱ ግን የአዘጋጆቹ እንጂ የቃሉ አይደለም።

ሳራ፦
ምክንያት ብለው የሰጡኝ ቃሉን ነው እኮ።

መኮንን፦
ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። የሙዚቃ ደራሲው ሁጎ ቮልፍ በ1888 የጻፋቸው 53 ዘፈኖች ሲታተሙ ርእሳቸው «የኤድዋርድ ሞሪከ ግጥሞች፣ ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ» የሚል ነበር። ገጣሚው ቀድሟል፤ ድምፁና ፒያኖው ጎን ለጎን ተከትለውታል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም የግጥሙ አጃቢዎች ናቸው።

ዮናታን፦
ይህን አልቀበልም። ግጥሙን በአፌ የምይዘው እኔ ዘፋኙ ነኝ።

ቤተልሔም፦
እንግዲያው ልጠይቅህ። «የገጣሚ ፍቅር»ን ስትዘፍን፣ ፒያኖው ብቻውን በቀረበት በዚያ መጨረሻ ላይ ምን ታደርጋለህ?

ዮናታን፦
ቆሜ እጠብቃለሁ። ፊቴን አልለውጥም፣ አልንቀሳቀስም፤ ብንቀሳቀስ ይበላሻል።

ቤተልሔም፦
ታዲያ በዚያች ሰዓት አጃቢው ማን ነው?

ዮናታን፦
ዝም ብሎ መቆምና ማጀብ አንድ አይደሉም፤ በዚህ አልስማማም። ደግሞም ስለ ግሬትሸን ያነሣሽውን ገና አልመለስኩልሽም፤ ነገ ኖታውን ይዤ እመለሳለሁ።